ሆን ብለው እሳት ስለሚለኩሱ ሰዎች የሥነ ልቦና ምዘና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያቀርቡልኝ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ ልጃቸው ወይም ወንድማቸው እሳት ለኩሶ የተያዘባቸው ቤተሰቦች፣ ጉዳዩን የያዙ ጠበቆች፣ እና ነገ ከነገ ወዲያ ለምዘና የሚቀርቡት ሰዎች ራሳቸው። አጠያየቃቸው ቢለያይም ውስጡ አንድ ነው፤ «ምን ነክቶት ነው?» የሚል። እኔም በምችለው መጠን በግልጽ ልመልስ።

ምዘናው የሚደረገው ለምንድን ነው?

እሳቱን ማን እንደለኮሰው የሚያጣሩት ፖሊስና የቃጠሎ መርማሪዎች ናቸው። የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። የሚጠበቅበትም ሰውየው ለምን እንደለኮሰ፣ ደግሞ የመለኮሱ ስጋት ምን ያህል እንደሆነ፣ ስጋቱን ለመቀነስ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚያስፈልገው መመለስ ነው። ፍርድ ቤት አንዳንዴ ሌላ ይጨምራል፤ በጊዜው የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ? አሁንስ ክሱን ተረድቶ ራሱን መከላከል ይችላል ወይ? ይህኛው በየአገሩ ሕግ የራሱ መለኪያ ስላለው ብዙ ጊዜ የሥነ አእምሮ ሐኪምም ይገባበታል።

እሳት የሚለኩስ ሰው ሁሉ ፓይሮማኒያ (እሳት የመለኮስ ግፊትን መቆጣጠር ያለመቻል ሕመም) አለበት ማለት ነው?

አይደለም። ቃሉ በዜናና በፊልም በብዛት ስለሚነሣ የተለመደ ይመስላል እንጂ በሥራ ላይ እጅግ ብርቅ ነው።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ማኅበር በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ፣ ዲ.ኤስ.ኤም-5፣ መስፈርቱን ጠበቅ አድርጎ አስቀምጦታል። ሰውየው ከአንድ ጊዜ በላይ ሆን ብሎ የለኮሰ መሆን አለበት። ከመለኮሱ በፊት ውስጡ ይወጠራል፤ እሳትና ከእሳት ጋር የተያያዘ ነገር ይስበዋል፤ ሲለኩስ ወይም ሲነድ ሲያይ ደስታ ወይም እፎይታ ይሰማዋል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም አይበቃም። ለገንዘብ ብሎ ከሆነ፣ በፖለቲካ ምክንያት ከሆነ፣ ሌላ ወንጀል ለመሸፈን ከሆነ፣ ለበቀል ከሆነ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሰምቶ ከሆነ ወይም በስካር አእምሮው ደክሞ ከሆነ ፓይሮማኒያ አይባልም። እነዚህን አንድ በአንድ ስናወጣ የሚተርፈው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባም ሕመሙን ግፊትን መቆጣጠር ካለመቻል ችግሮች ጋር መድቦታል።

ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ2005 ያሳተሙት ጥናት ያሳያል። የተመለከቱት በተደጋጋሚ ያቃጠሉ 90 ወንዶችን ነው፤ ማለትም ፓይሮማኒያ ይገኝባቸዋል ተብሎ የሚጠበቁትን። ዋናውን መስፈርት ያሟሉት 12 ነበሩ። ከ12ቱ 9ኙ ደግሞ በለኮሱበት ሰዓት ሰክረው ነበር፤ ስካር ደግሞ ምርመራውን ያፈርሰዋል። ከ90 ሰው 3 ቀረ።

ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። ማርክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1833 «የማቃጠል ሞኖማኒያ» (በአንድ ነገር ላይ ብቻ ያተኮረ እብደት) ብሎ ሰየመው፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪሞችና ዳኞች በሽታ ነው ወንጀል ነው ሲሉ ብዙ ተከራክረዋል። እኔ ክርክሩ ሰውየውን ያስረሳ ይመስለኛል። ፋይሉ ላይ «ፓይሮማኒያክ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። ሰውየውም «በቃ፣ ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መሥራት ከባድ ነው፤ ያከበደውም እኛ የሰጠነው ስም ነው።

ታዲያ ሰዎች ለምን ያቃጥላሉ?

ከእሳት ራሱ እንነሣ። እሳት ጉልበት አይጠይቅም። ፊት ለፊት መጋፈጥ አይጠይቅም። ለኩሰውት ዞር ማለት ይቻላል፤ ሥራውን ራሱ ይሠራል። ከገንዘብም ከሥልጣንም ከአንደበትም የተጓደለ ሰው በአንድ ክብሪት ሰፈር ሙሉ ያስወጣል። በሌላ መንገድ መናገር ለማይችል፣ ወይም ተናግሮ ሰሚ ላጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጃክሰን፣ ሆፕና ግላስ በ1987 ያቀረቡት ትንታኔ የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነው፤ ለአንዳንድ ሰዎች እሳት ሌላው በር ሁሉ የተዘጋ ሲመስላቸው የሚከፍቱት በር ነው ይላል።

በ2012 በእንግሊዝ የኬንት ዩኒቨርሲቲዋ ቴሬሳ ጋነንና ባልደረቦቿ ወደ እሳት የሚያደርሱ አምስት መንገዶችን ለይተዋል። አንዱ የወንጀል አስተሳሰብ ነው፤ እዚህ ላይ እሳቱ መሣሪያ ብቻ ነው፣ መረጃ ለማጥፋት ወይም የኢንሹራንስ ገንዘብ ለማግኘት። ሁለተኛው ቂም። ሦስተኛው ለእሳት ያለ የበረታ ፍላጎት። አራተኛው ጭንቀትን ለመግለጽ ወይም እውቅና ለማግኘት። አምስተኛው የእሳት ፍላጎትና የወንጀል አስተሳሰብ የተደራረቡበት ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ሁለተኛውን ነው። አማርኛ ደግሞ ለዚህ የታደለ ቋንቋ ነው። ንዴት አለ፣ ቶሎ ይነሣል ቶሎ ይበርዳል። ቂም አለ፣ ተኝቶ ይቆያል። እልህ አለ፣ «እኔም ብጎዳ ልጎዳ» የሚያሰኝ። የሆድ መባስ አለ። ምዘና ላይ የተቀመጠ ሰው ከእነዚህ የትኛው እንደነበረበት በራሱ አፍ ሲናገር ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» የሚለው ተረት የሰው ሆድ የባሰበትን ሰዓት ማወቅ እንደሚቻል ያውቃል፤ ምዘናው የሚፈልገውም ያን ሰዓት ነው።

በቃለ መጠይቁ ምን ይጠየቃል?

የሕይወት ታሪክ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ሕመም፣ መድኃኒት፣ መጠጥ፣ ትዳር። ይህ ከማንኛውም ምዘና አይለይም። ልዩ የሚያደርገው የእሳት ታሪክ ነው። መጀመሪያ የሚያስታውሱት እሳት የቱ ነው? በልጅነትዎ ተቃጥለው ያውቃሉ? ቤት ውስጥ እሳት እንደ ቅጣት ወይም ማስፈራሪያ አገልግሎ ያውቃል? ሰው ያላወቀብዎ እሳት ለኩሰው ያውቃሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ረጅም ዝምታ የተለመደ ነው፤ አልቸኩልም።

ከዚያ የተያዙበትን እሳት በደቂቃ በደቂቃ እንሄድበታለን። ለምን ይህን ያህል እንደማዘግም በአንድ ሰው ላሳይ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።

የክሱ ፍሬ ነገር አንድ መስመር ነበር፤ «በንዴት ተነሣሥቶ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን መጋዘን አቃጠለ»። እሱም ሲጀምር ይህንኑ ደገመልኝ። ነጭ ወረቀት አግድም አስቀምጬ ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመርኩ። በግራ ጫፍ ከሥራ የተባረረበትን ሰዓት፣ በቀኝ ጫፍ እሳቱ የተነሣበትን ሰዓት ጻፍኩ። መሐሉ 19 ሰዓት ነው። «እስኪ እንሙላው» አልኩት። ቤት ገብቷል። ራቱን አቅርቦ አልበላም። መባረሩን ለእህቱ ሊነግራት ሦስት ጊዜ ስልክ መትቶ፣ ሳይነሣ ዘግቷል። ሌሊቱን አለቃው በሰው ፊት የተናገረውን አንድ ቃል ሲያመላልስ ነጋ። ጠዋት ቤንዚን ሲገዛ ሻጩ «ለምንድን ነው?» ሲለው «ለጄኔሬተር» ብሏል። እዚህ ስንደርስ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደና ወደ ግራ ተመልሶ ስልኩ ላይ ክብ ሠራ። «አንሥታው ቢሆን ኖሮ» አለ።

የዚያ ሰው ችግር ድንገተኛ ንዴት አልነበረም፤ ንዴት 19 ሰዓት አይቆይም። ውርደት ነበር፣ ብቻውን ሲብላላ ያደረ። «ንዴት መቆጣጠሪያ» ሥልጠና ብቻ ብናዝለት ኖሮ ያልነበረበትን ስናክም እንከርም ነበር። የሚያስፈልገው የተዋረደ ሲመስለው ለሰው መናገር መቻል፣ የተነገረውን ቃል ሌሊቱን ሙሉ እያመላለሰ ማደርን ማቆም ነው። ይህን ያወቅነው ከወረቀቱ መሐል ነው።

ስለ እሳቱ ራሱም ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ይጠየቃሉ። በር ሥር ነው ወይስ ከሰው ርቆ ጓሮ? ውስጥ ሰው መኖሩን አጣርቷል? ክብሪቱን አስቀድሞ ነው የያዘው ወይስ እዚያው ያገኘውን ተጠቀመ? ከለኮሰ በኋላ ሮጠ፣ ቆሞ አየ፣ እሳት አደጋ ጠራ፣ ለማጥፋት ረዳ? ዴቪድ ካንተርና ካትሪና ፍሪትዞን በ1998 እንዳሳዩት እሳቱ ያነጣጠረው ሰው ላይ ነው ወይስ ዕቃ ላይ፣ የተለኮሰው አንድ ነገር ለማግኘት ነው ወይስ ስሜት ለማውጣት የሚለው ልዩነት ስለ ለኳሹ ብዙ ይናገራል።

የጽሑፍ መጠይቅ አለው?

አለው፤ ብቻውን ግን ምንም አይወስንም። በዚህ መስክ የሚታወቁት መጠይቆች አራት ነገሮችን ይለካሉ፦ ሰውየው ራሱን ከእሳት ጋር ምን ያህል እንደሚያቆራኝ፣ አደገኛ እሳት ምን ያህል እንደሚስበው፣ ስለ እሳት ጥንቃቄ ያለው ግንዛቤ፣ ማቃጠልን እንደ ተራ ነገር ማየቱን። ለምሳሌ ሰዎች ተሰብስበው የሚሞቁትን እሳት ማየትና ሕንፃ ሲነድ ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚለው በነጥብ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ብዙ ሰው ደስ ይለዋል፣ ምንም ክፋት የለውም። የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው።

ጋነንና ባልደረቦቿ በ2013 እሳት የለኮሱ 68 ወንድ እስረኞችን ከሌሎች 68 እስረኞች ጋር አነጻጽረው ነበር። የለኮሱት ቁጣን የሚቀሰቅስ አስተሳሰብ በዝቶባቸው፣ አደገኛ እሳት የበለጠ ስቧቸው፣ ለራሳቸው የሚሰጡት ዋጋ ደግሞ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው አይጠብቀውም። ቤት የሚያቃጥል ሰው በራሱ የሚተማመን፣ ደንታ ቢስ ይመስለናል፤ ፊቴ የሚቀመጠው ግን ብዙ ጊዜ ቀና ብሎ ማየት የሚከብደው ሰው ነው።

«አላስታውስም» ወይም «እኔ አይደለሁም» ቢልስ?

ምዘናው አይቆምም። ስለ ሕይወቱ፣ ስለ ሌሎች እሳቶች፣ ስለ ችግር አፈታቱ መነጋገር ይቻላል። መካዱ ብቻውን አደገኛ አያደርገውም፤ ሰው ከፍርሃትም ከኀፍረትም ይክዳል። «ሰይጣን አሳሳተኝ» ካለኝም አልከራከረውም። «ሰይጣን ከመምጣቱ በፊት የት ነበርክ?» እለዋለሁ፤ ከዚያ ወሬው ይቀጥላል።

የሚናገረው ሁሉ ከፖሊስ መዝገብ፣ ከቃጠሎ ምርመራው ዘገባ፣ ከሕክምና ፋይሉና ከቤተሰቡ ጋር ይመሳከራል። «ሲጋራ ወድቆብኝ ነው» ብሎ ዘገባው ሁለት ቦታ የተለያየ መነሻ ካገኘ፣ ያንን ይዤ ተመልሼ እጠይቀዋለሁ። ማጥመዴ አይደለም፤ እንዲያብራራ ዕድል መስጠቴ ነው።

የአእምሮ ሕመም ምን ያህል ድርሻ አለው?

እዚህ ላይ ሁለት እውነቶችን አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። በስዊድን ከ1988 እስከ 2000 በቃጠሎ የተፈረደባቸው 1,340 ወንዶችና 349 ሴቶች ከአጠቃላዩ ሕዝብ ጋር ተነጻጽረው ነበር፤ በ2011 የታተመ ጥናት ነው። ስኪዞፍሬኒያ (ከእውነታ የሚያለያይ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸው ወንዶች በቃጠሎ ጥፋተኛ የመባል ዕድላቸው ከሌላው ከ20 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሴቶቹ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ በየትኛውም ምዘና ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ መለያየት፣ ሳይፈተሽ አይታለፍም። ሁለተኛው እውነት፦ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች እጅግ አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድም ቀን ሆን ብለው እሳት አይለኩሱም። የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን መጣል በሕመምተኞች ላይ ግፍ መሥራት ነው።

ሕመሙ ቢኖርም ከእሳቱ ጋር መገናኘቱ መጣራት አለበት። ክፍሉ ተመርዟል ብሎ አምኖ «ለማንጻት» ያቃጠለ ሰው አለ። ሕመሙ ያለበት ሆኖ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣልቶ ያቃጠለም አለ። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ትልቁን ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን መድኃኒቱን እየዋጠም ጠቡ አልተፈታም። የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ሲኖርም ጥያቄዎቹ በቀላል ቃል፣ በሥዕል፣ በአጭር በአጭር መሆን አለባቸው፤ ያለዚያ ሰውየው ለማስደሰት ሲል ብቻ «አዎ» ይላል።

መጠጥስ?

በብዙ ፋይል ውስጥ አለ። ድፍረት ይሰጣል፣ ማሰቢያን ያሳጥራል። ነገር ግን ያ ሰው ብዙ ጊዜ ጠጥቶ ሳያቃጥል ገብቷል፤ የዚያን ቀኑ በምን ተለየ? ብዬ ካልጠየቅኩ «ሰክሮ ነው» የሚለው መልስ ምንም አላስረዳኝም።

ሴቶች ላይ የተለየ ነገር አለ?

በቃጠሎ ከሚፈረድባቸው አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ዘንድ የመንፈስ ጭንቀት፣ ራስን የመጉዳት ታሪክና በልጅነት የደረሰ በደል ጎልቶ ይታያል። እሳቱም ብዙ ጊዜ የራሳቸው ክፍል፣ የራሳቸው አልጋ፣ የራሳቸው ልብስ ነው።

አንዲት ሴት የተኛችበት ክፍል መጋረጃ ላይ እሳት ለኩሳ ነበር። ዘገባው «የሌሎችን ሕይወት አደጋ ላይ ጥላለች» ይላል፤ እውነትም ጥላለች። ስንነጋገር ግን ከመለኮሷ በፊት አጠገቧ የምትተኛውን ሴት ቀስቅሳ ወደ ሽንት ቤት እንደላከቻት፣ ጫማዋንም ከአልጋዋ ሥር አንሥታ ኮሪደር ላይ እንዳስቀመጠች ነገረችኝ። «አዲስ ጫማ ነበር» አለች። ጫማ ያዳነ እጅ ሰው ለመግደል አልነበረም የተነሣው። መሞት ፈልጋ ነበር ወይስ ሰው እንዲመጣላት? ሁለቱንም ብላ መለሰችልኝ፤ አመንኳት። በእንዲህ ያለው ጉዳይ ራስን የማጥፋት ስጋት ምዘና ከእሳቱ ምዘና እኩል አስቸኳይ ነው። እሳት ደግሞ አስቦ የለኮሰውን አሳብ አይጠብቅም፤ የዚያ ክፍል ጭስ ሁለት ፎቅ ወጥቷል። ይህንንም አብረን ማውራት ነበረብን።

ልጄ በክብሪት ሲጫወት ያዝኩት። ወንጀለኛ ሊሆን ነው?

በዚህ ብቻ አይደለም። ልጅ እሳት ይስበዋል፤ ብርሃን ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ አትንካ ተብሏል። ቢሆንም የማወቅ ጉጉት ያለበት ልጅም ቤት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ክብሪትና ላይተር ዛሬውኑ ከእጁ ይራቅ።

የልጆች ምዘና የሚለየው ጉጉትን ከሌላው ነገር ነው። ብቻውን ነው ወይስ ከጓደኞቹ ጋር? አንድ ጊዜ ነው ወይስ ተደብቆ ደጋግሞ? ያገኘውን ለኮሰ ወይስ ወረቀትና ጨርቅ አከማችቶ ነበር? ሲያያዝ ደንግጦ ሰው ጠራ ወይስ አየው? ቤት ውስጥ በዚያ ሰሞን ምን ነበር፤ ሞት፣ መለያየት፣ ድብደባ? ዴቪድ ኮልኮና አለን ካዝዲን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለልጆችና ለወላጆች ለየብቻ የሚቀርቡ ቃለ መጠይቆች አዘጋጅተዋል። ለየብቻ መሆኑ ዋጋ አለው፤ ወላጅ ያላየውን እሳት ልጁ ይቆጥረዋል።

አንድ የ9 ዓመት ልጅ የተቃጠሉ የክብሪት እንጨቶችን በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ደርድሮ ያስቀምጥ ነበር። አባቱ ቆርቆሮውን ጠረጴዛዬ ላይ ሲደፋው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁ ግን አንድ በአንድ እያነሣ የትኛው የየትኛው ምሽት እንደሆነ ነገረኝ። ምሽቶቹ አባትና እናት የተጨቃጨቁባቸው ናቸው። መገረፍ ቆርቆሮውን የተሻለ ቦታ ያስደብቀዋል እንጂ ምሽቶቹን አይለውጣቸውም። የእሳት ጥንቃቄ ትምህርት ይስጠው፣ ወላጆቹም አብረው ይምጡ፤ ለዚህ ልጅ ሁለቱም አስፈልገዋል።

አልጋ ላይ የሚሸና፣ እንስሳ የሚያሰቃይና እሳት የሚለኩስ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል ይባላል።

ማክዶናልድ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1963 ሦስቱን አንድ ላይ አነሣቸው፤ የተመለከተው ለመግደል የዛቱ ታካሚዎችን ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች ትንበያነቱን አልደገፉትም። በተለይ አልጋ ላይ መሽናትን ከዚህ ያውጡት። ሦስቱ ተደራርበው ሲታዩ ብዙ ጊዜ የሚጠቁሙት ልጁ ላይ የደረሰ ነገር መኖሩን ነው።

እሳት አጥፊዎች ራሳቸው ይለኩሳሉ የሚባለው እውነት ነው?

ደርሶ ያውቃል። በካሊፎርኒያ የግሌንዴል እሳት አደጋ መኮንንና የቃጠሎ መርማሪ የነበረው ጆን ኦር በ1984 በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ላይ በተነሣ እሳት ለሞቱ አራት ሰዎች በ1998 ጥፋተኛ ተብሏል። ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ለሌላው ሕይወት እሳት ውስጥ የሚገባን ሙያ በሙሉ በዚህ ማየት አይገባም።

ደግሞ ይለኩሳል? በመቶኛ ልትነግሩን ትችላላችሁ?

ለአንድ ሰው ቁጥር የሚሰጥ ባለሙያ ካለ ይጠርጥሩት። ስለ ብዙ ሰዎች ግን የሚታወቅ ነገር አለ። በ2021 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ድምር ትንተና እንዳሳየው በቃጠሎ ወንጀል እንደገና የሚገኙት ከ8 እስከ 10 በመቶ አካባቢ ናቸው፤ ያልተከሰሱባቸው እሳቶች ሲቆጠሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በሌላ ዓይነት ወንጀል ይመለሳሉ። ስለዚህ እሳቱን ብቻ የሚያይ ምዘና ግማሹን ስቷል።

እኛ የምንጽፈው ስጋቱ የሚጨምርበትን ሁኔታ ነው። «ከሥራ ወይም ከቤት ሲባረር፣ ብቻውን ሲሆንና ሲጠጣ ስጋቱ ከፍ ይላል፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚያገኘው ሰው ሲኖር ይቀንሳል» ዓይነት። ይህ ለዳኛውም፣ ለጠባቂውም፣ ለእናቱም የሚሠራ ነገር ይሰጣል።

የምናገረው ሚስጥር ነው?

ምዘናውን ያዘዘው ፍርድ ቤት ከሆነ አይደለም። ዘገባው ለዳኛው፣ ለዐቃቤ ሕግና ለጠበቃዎ ይደርሳል። ይህን ባለሙያው ገና ሳይጀምር ሊነግርዎ ግዴታው ነው፤ ካልነገረዎ ይጠይቁት። ማንም ስላላወቀው ሌላ እሳት ከመናገርዎ በፊት ከጠበቃዎ ጋር ይማከሩ። ይህን ስል ሥራዬን እያከበድኩ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን መብትዎ ነው።

ባለሙያው ጥፋተኛ ነው አይደለም ይላል?

አይልም። እሱ የፍርድ ቤት ሥራ ነው።

ይታከማል?

ለብዙዎች አዎ። የኬንት ዩኒቨርሲቲው ቡድን ለእስረኞች ያዘጋጀው የቡድን ሕክምና ሰዎቹ የራሳቸውን እሳት ታሪክ ሠርተው እንዲያዩት፣ ቁጣን፣ ብቸኝነትንና ችግር አፈታትን፣ የእሳት ጥንቃቄንም አብረው እንዲማሩ ያደርጋል። በ2015 በታተመው ግምገማ፣ የተሳተፉት ለአደገኛ እሳት ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ታይቷል። በኋላም ለሥነ አእምሮ ሆስፒታል ታካሚዎች በሚሆን መልኩ ተዘጋጅቷል። ለዚህ የሚሆን የተለየ ሕክምና በሌለበት ቦታም የንግግር ሕክምና ዋጋ አለው፤ ብቻ በምዘናው የተገኘው ምክንያት ላይ ያነጣጠረ ይሁን።

ነገ ምዘና አለብኝ። ምን ይዤ ልሂድ?

የሚወስዱትን መድኃኒት ስም፣ የቆየ የሕክምና ወረቀት ካለዎት እሱን፣ እንድናነጋግረው የሚፈቅዱትን አንድ የቅርብ ሰው ስልክ። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ አይርሱት፤ የሚነበብ አለ። አንድ ቀን ላይበቃ ስለሚችል ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊጠሩ ይችላሉ። ከደከመዎ «ደከመኝ» ይበሉ፣ እናርፋለን። የእሳቱን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስታወስ ካልቻሉ የሚያስታውሱትን አንድ ነገር ይዘው ይምጡ፤ የለበሱትን፣ ያዩትን ሰው፣ ያልደወሉትን ስልክ። ከዚያ እንጀምራለን።